አዲስ ትንሽ ኮምፕረሰር አየር አልይዝ ሲል፦ ከመፍታት በፊት የሚደረግ የፍተሻ ቅደም ተከተል

አዲስ ኮምፕረሰር ከካርቶኑ ወጥቶ፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ፣ ሞተሩ እየጮኸ ሳለ የጌጁ (የግፊት መለኪያው) መርፌ ከዜሮ አልነቃነቅ ሲል ወይም ሁለት ባር ላይ ደርሶ ሲቆም፣ ገዢው መጀመሪያ የሚያስበው የተበላሸ ዕቃ እንደተሸጠለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ ወዳለችው የጥገና ክፍሌ ገና የካርቶን ሽታቸው ሳይለቃቸው ከመጡ ኮምፕረሰሮች መካከል ብዙዎቹ ምንም ብልሽት አልነበረባቸውም፤ ሳይዘጋ የቀረ ቀዳዳ፣ ሳይነሳ የቀረ ፕላስቲክ ወይም በቂ ያልሆነ መብራት ነበር ያስቸገራቸው። እጅግ የሚያሳዝነኝ በአንድ ደቂቃ ይስተካከል የነበረ ማሽን ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ተፈትቶ፣ ጋስኬቱ (በመሐሉ ያለው ማሸጊያ) ተቀዶ፣ ዋስትናው ከንቱ ሆኖ ሲመጣ ማየት ነው። ስለዚህ ይህን መመሪያ የሚከተል ሰው መፍቻ ከማንሳቱ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ፦ አየሩ የት እየሄደ ነው?

እዚህ የምናገረው ስለ ትንሹ ዓይነት ነው፤ 24 ወይም 50 ሊትር ታንከር ያለው፣ ሞተሩና ፓምፑ ያለ ቺንጋ በቀጥታ የተያያዙ፣ በ220 ቮልት የሚሠራና እስከ 8 ባር ማለትም እስከ 116 ፒኤስአይ ድረስ የሚሞላው። ጎሚስታ ለመጀመር፣ የቤት ዕቃ ቀለም ለመርጨት፣ አቧራ ለማራገፍ አብዛኛው ሰው የሚገዛው ይህንን ነው።

መጀመሪያ ስለ ደኅንነት

መርፌው ዜሮ ላይ ስለሆነ ታንከሩ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ጌጁ ራሱ ተሰብሮ ወይም በመጓጓዝ ብዛት መርፌው ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንኛውንም ብሎን ከመንካትዎ በፊት ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ከዚያም የሴፍቲ ቫልቩን፣ ማለትም ግፊት ሲበዛ አየር የሚለቀውን ቫልቭ፣ ቀለበት በጥንቃቄ ሳብ አድርገው አየር መኖር አለመኖሩን ያረጋግጡ። በኃይል ከተነፈሰ ችግሩ የኮምፕረሰሩ ሳይሆን የጌጁ ነው። ከቴስታታው ወደ ታንከሩ የሚወርደው የብረት ቱቦ ማሽኑ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ እጅ የሚያቃጥል ትኩሳት ስለሚኖረው ሳይቀዘቅዝ አይነካም። ሴፍቲ ቫልቩ «ያፈሳል» ተብሎ በብሎን መድፈን ወይም ታንከሩን መበየድ ደግሞ በምንም ምክንያት የሚፈቀድ አይደለም፤ ስምንት ባር የያዘ ታንከር ሲፈነዳ እንደ ቦምብ ነው።

የአየሩን መንገድ ማወቅ

አየር በማጣሪያው በኩል ይገባል፤ ቴስታታው ሥር ያለው ስስ የብረት ምላስ ከፍቶለት ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል፤ ፒስተኑ ሲወጣ ያ ምላስ ይዘጋና ሌላኛው ተከፍቶ የተጨመቀውን አየር ወደ ብረት ቱቦው ያስወጣዋል። ቱቦው መጨረሻ ላይ፣ ታንከሩ ውስጥ ከተተከለበት ቦታ፣ አየሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቼክ ቫልቭ አለ። ከቼክ ቫልቩ ጎን የእስክሪብቶ ቀፎ የምታህል ቀጭን ቱቦ ተነስታ ሰዎች «አውቶማቲክ» ወደሚሉት፣ ቀይ ወይም ጥቁር ቁልፍ ወዳለው ማብሪያ ማጥፊያ ትሄዳለች። ይህችን ቀጭን ቱቦ በደንብ ያስተውሏት፤ ኋላ ብዙ ነገር የምትነግረን እሷ ናት።

እንግዲህ ግፊት ካልተያዘ ወይ አየሩ አልገባም፣ ወይ ገብቶ አልተጨመቀም፣ ወይ ተጨምቆ እየወጣ ነው። መርፌው የቆመበት ቦታም ፍንጭ ይሰጣል። ከዜሮ ጨርሶ ካልተነሳ ሰፊ ቀዳዳ ክፍት ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ባር ላይ ደርሶ ከቆመ ፓምፑ የሚያስገባውና የሚያፈሰው እኩል ሆኗል፤ ስድስት ወይም ሰባት ባር ከደረሰ በኋላ በጣም ከተንቀራፈፈ ደግሞ ምክንያቱ የመብራት ማነስ ወይም የከተማችን ከፍታ ሊሆን ይችላል።

አንደኛ፦ ክፍት የቀሩትን ይዝጉ

ማሽኑን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው የታንከሩን ሆድ ይመልከቱ። እዚያ የውሃ ማውጫ ቫልቭ አለ፤ አንዳንድ ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጣ ክፍት ወይም የላላ ሆኖ ነው የሚመጣው። ከዚህም በላይ ብዙ የአምራቾች መመሪያ አዲስ ማሽን ሲሊንደሩና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እንዲላመዱ ይህ ቫልቭ ተከፍቶ ያለ ጭነት ለጥቂት ደቂቃዎች እንዲሠራ ያዛል፤ ሰውም ትእዛዙን ፈጽሞ መልሶ መዝጋቱን ይረሳል። በእጅ እስኪጠብቅ ያዙሩት እንጂ በፒንሳ አያስጨንቁት፤ ጎማው ይቆረጣል። ሞተሩ ሲጮህ ከሥር የሚነፍሰው አየር ድምፅ ስለሚዋጥ በጆሮ ብቻ አይተማመኑ፤ እጅዎን ከታንከሩ ሥር ያስገቡ።

ሁለተኛ፦ ትክክለኛውን ጌጅ እያዩ መሆንዎን ያረጋግጡ

ሁለት ጌጅ አለ። አንዱ የታንከሩን ግፊት፣ ሌላኛው ወደ ጎማው ወይም ወደ መርጫው የሚወጣውን ግፊት ያሳያል። በሁለቱ መሐል ያለው የግፊት መቆጣጠሪያ ወደ ዝቅተኛው ተዙሮ ከሆነ ታንከሩ ሞልቶ እያለ ሁለተኛው ጌጅ ዜሮ ይላል። የመቆጣጠሪያውን ራስ ወደ ላይ ሳብ አድርገው ወደ ቀኝ ሲያዞሩት መርፌው ከተነሳ ጉዳዩ አልቋል።

ሦስተኛ፦ የመግቢያውን በር ይፈትሹ

የአየር ማጣሪያው ለብቻው በትንሽ ላስቲክ ይመጣል፤ የሚገባበት ቀዳዳ ደግሞ ለጉዞ በፕላስቲክ ቆብ ይደፈናል። ቆቡ ሳይነሳ ማጣሪያው ላዩ ላይ የተጫነበት ማሽን በዓይኔ አይቻለሁ። ዘይት የሚጠጣው ዓይነት ከሆነ የዘይት መሙያውም ቀዳዳ እንዲሁ የተደፈነ ስለሚሆን ቆቡ ተነስቶ መተንፈሻ ያለው ክዳን ሊተካበት ይገባል። ዘይቱን ሲሞሉ በመስታወቷ ላይ ያለችውን ቀይ ነጥብ መሐል ድረስ ያድርሱት። ዘይት የሚፈልገውን ማሽን ያለ ዘይት ለጥቂት ደቂቃ እንኳ ያስነሳ ሰው አዲስ ፋሻ ጨርሶ ሊያበላሽ ይችላል።

ማጣሪያውን አውልቀው ደግሞ የወረቀት ፈተናውን ይሥሩ። ግማሽ የደብተር ገጽ ቀደው ማሽኑ እየሠራ መግቢያው ላይ ያስጠጉ። ጤነኛ ፓምፕ ወረቀቱን ስቦ ይይዘዋል። ወረቀቱ ወጣ ገባ እያለ የሚንቀጠቀጥ ወይም ወደ ውጭ የሚገፋ ከሆነ የመግቢያው ምላስ አልተዘጋም፤ ፒስተኑ የጨመቀውን አየር በገባበት በር መልሶ እየተፋው ነው። ጨርሶ ምንም ካልሳበ ሞተሩ እየዞረ ፒስተኑ አልተንቀሳቀሰም፣ ወይም ምላሱ ተሰብሯል። ይህ አንድ ወረቀት ቴስታታ ሳይፈታ የሚያስገኘው እውቀት ብዙ ባለሙያ በመፍቻ ከሚያገኘው ይበልጣል።

አራተኛ፦ መብራቱ

በመሐል ከተማ ሠፈሮች ማሽኑ ጠዋት ሞልቶ ማታ አልሞላ ቢል አይደነቁ። በየቤቱ ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት ቮልቴጁ ይወርዳል፤ የእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ጉልበት ደግሞ ቮልቴጁ ከወረደው በላይ ነው የሚወርደው። ከ220 ወደ 190 ቮልት ሲወርድ ሞተሩ ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ምልክቱ ድምፁ መወፈሩ፣ ግፊቱ ከፍ ሲል ማቃሰቱና በመጨረሻም የራሱ መከላከያ ቆርጦ ማቆሙ ነው። ማሽኑን በዲቫይደር ላይ አይሰኩት፤ ቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩት። ማራዘሚያ ግድ ከሆነ አጭርና ቢያንስ 2.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ከጥቅልሉ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ ገመድ ይጠቀሙ። ከዚያ ይልቅ ግን አየሩን የሚያስተላልፈውን የጎማ ቱቦ ማስረዘም ይሻላል፤ ርቀቱን አየር ይሸከመው እንጂ መብራት አይሸከመው።

ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ኮምፕረሰር ሲሆን ሌላ ነገር ይጨመራል። የእነሱ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቴጁን ያስተካክላል፤ ኸርዙን ግን አይለውጥም። ካርቦን (ብሩሽ) የሌለው ሞተር ስለዚህ እዚህ ሲሠራ ፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ የሚያስገባው አየርም በዚያው ልክ ያንሳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ይህ የማሽኑ ጉድለት አይደለም፤ መፍትሔውም እያሳረፉ ማሠራት ነው።

አምስተኛ፦ ያዳምጡ

ይህ ክፍል ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከመንገዱ ጫጫታ ራቅ ብለው፣ ወይም ታክሲው ጋብ በሚልበት ማለዳ ይሥሩት።

ማሽኑ እየሠራ ጆሮዎን ወደ አውቶማቲኩ ያስጠጉ። ከክዳኑ ሥር የማያቋርጥ «ስስስ» የሚል ድምፅ ካለ፣ በዚያች ቀጭን ቱቦ መጨረሻ ላይ ያለችው የማስተንፈሻ መርፌ አልተዘጋችም ማለት ነው። ሥራዋ ሞተሩ ሲቆም በቴስታታውና በብረት ቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር መልቀቅ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ መዘጋት አለባት። አንዳንዴ ቁልፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍቶና ዘግቶ መመለስ የተያዘችውን መርፌ ያላቅቃል።

ቀጥሎ ግፊቱ ሦስት ባር አካባቢ ሲደርስ በቁልፉ ያጥፉት። ጤነኛ ማሽን ለአንድ ወይም ለሁለት ሰኮንድ «ጭስስ» ብሎ ይተነፍስና ጸጥ ይላል። ትንፋሹ ካላቆመና የጌጁ መርፌ እየወረደ ከሄደ ጥፋቱ የአውቶማቲኩ ሳይሆን የቼክ ቫልቩ ነው፤ ከታንከሩ ወደ ኋላ የተመለሰው አየር መውጫ ያገኘው በዚያች ቀጭን ቱቦ በኩል ነው። እርግጠኛ ለመሆን ማሽኑን መልሰው ካስነሱ በኋላ በቁልፉ ሳይሆን ሶኬቱን ነቅለው ያቁሙት። ቁልፉ እንደተከፈተ ስለሆነ ማስተንፈሻዋ ዝግ ትቆያለች፣ ድምፅም አይኖርም። አሁን ቁልፉን ሲያጠፉ ድምፁ ጀምሮ ካልቆመ ጥርጣሬ አይኖርም። ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ተሳስቶ ደኅናውን አውቶማቲክ አስቀይሯል፤ አየሩ የሚወጣበት ቦታና አየሩን ያሳለፈው ዕቃ አንድ እንዳልሆኑ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ባለፈው ክረምት ሜክሲኮ አካባቢ የቤት ዕቃ ቀለም የምትረጭ አንዲት ወጣት ባለ 24 ሊትሩን በታክሲ ጭና መጣች። «ጋሼ፣ የሸጠኝ ሰው አውቶማቲኩ ነው ብሎ ሌላ ግዢ አለኝ፤ ገዝቼ ቀየርኩ፣ ያው ነው» አለችኝ። ከላይ የጻፍኩትን ፈተና ሠራን፤ ታንከሩን አራግፈን፣ ቱቦው እስኪቀዘቅዝ ጠብቀን ቼክ ቫልቩን ፈታነው። ውስጡ ትንሽ ስፕሪንግና የአሥር ሳንቲም ስፋት እንኳ የሌላት ጥቁር ክብ ጎማ አለች። በጎማዋና በነሐሱ መቀመጫ መሐል እንደ ፀጉር የቀጠነች ነጭ ክር ተጋድማ ነበር፤ ፋብሪካ ውስጥ ጥርሱ ላይ ከተጠመጠመው ቴፍሎን የተላቀቀች ቁራጭ ናት። በመርፌ ጫፍ አነሳሁላትና መቀመጫውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌ መለስኩት። «ልጄ፣ የገዛሽው አውቶማቲክ ይቀመጥልሽ፤ የድሮው ደኅና ነው» አልኳት። ማሽኑ ያን ቀን ሞላ። ያ ያወጣችው ገንዘብ ግን እስካሁን ይቆጨኛል፤ ለዚህም ነው በዚህ ፈተና ላይ ብዙ የቆየሁት።

እርስዎም ቼክ ቫልቩን ሲፈቱ በቅደም ተከተል ትልቁን ቱቦ፣ ከዚያ ቀጭኗን፣ ከዚያ የነሐሱን ራስ ይፍቱ፤ ጎማዋ በየትኛው ፊቷ እንደተቀመጠች ሳያዩ አያንሷት፤ መልሰው ሲጠመጥሙ ቴፍሎኑን ከመጀመሪያው ጥርስ ትንሽ ወደ ኋላ ይጀምሩት፣ ያለዚያ ሌላ ክር ይገባል። ዋስትናው እንዳይቋረጥ የሚፈሩ ከሆነ ግን ከፈተናው በኋላ ይቁሙና ለሻጩ ይንገሩ።

ስድስተኛ፦ የሳሙና አረፋ

የመገጣጠሚያ ማፍሰስ የሚታወቀው በዚህ ነው። ፈሳሽ ሳሙና በጥቂት ውሃ በጥብጠው በስፖንጅ ወይም በቀለም ብሩሽ የጌጆቹን ሥር፣ ሴፍቲ ቫልቩን፣ የፈጣን መግጠሚያውን፣ የውሃ ማውጫውን ይቀቡ፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ ያፈሳል። ሶኬቱ መነቀል አለበት፣ አውቶማቲኩ ውስጥም ውሃ አይግባ። ከዚያ በኋላ ጌጁን አንብበው ግማሽ ሰዓት ይተዉት። ተጨምቆ የገባው አየር ሙቅ ስለሆነ ሲቀዘቅዝ መርፌው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንሽ ይወርዳል፤ ይህ ማፍሰስ አይደለም። ከቀዘቀዘ በኋላም መውረዱን ከቀጠለ ግን ነው።

ሰባተኛ፦ ፓምፑን ለብቻው መፈተን

እስካሁን ያለው ሁሉ ደኅና ሆኖ ግፊቱ ካልወጣ፣ ታንከሩን አራግፈው የብረት ቱቦውን ከቼክ ቫልቩ በኩል ብቻ ይንቀሉ። ወፍራም የቆዳ ጓንት አድርገው ማሽኑን ከአሥር ሰኮንድ ላልበለጠ ጊዜ ያስነሱና ከቱቦው አፍ የሚወጣውን አየር ይሰማሉ። ጠንካራና የተቆራረጠ ምት ካለ ፓምፑ ደኅና ነው፤ ችግሩ ከቼክ ቫልቩ ጀምሮ ባለው ክፍል ነው። ደካማ ከሆነ ወይ የቴስታታው ጋስኬት ተቀዷል፣ ወይ ምላሶቹ መሐል ብናኝ ገብቷል፣ ወይ ፋሻው አልያዘም። ዘይት በሚጠጣው ዓይነት ላይ ከዘይት መሙያው መተንፈሻ በኃይል የሚነፋ፣ ዘይት የቀላቀለ ትንፋሽ የፋሻ ምልክት ነው፤ ጥቂት ትንፋሽ ግን የተለመደ ነው። አዲስ ማሽን እዚህ ደረጃ ከደረሰ አይፍቱት። ይህ የሻጩ ኃላፊነት ነው።

ስለ ከፍታው

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው የከባቢ አየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል፣ 0.76 ባር አካባቢ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የመሙያ ጊዜ ይህን አያውቅም። 24 ሊትር ታንከር በጌጁ 8 ባር እንዲያነብ ባሕር ዳርቻ 190 ሊትር ያህል የውጭ አየር ይበቃዋል፤ እዚህ 250 ሊትር ያህል ያስፈልገዋል። እዚያ በሁለት ደቂቃ የሚሞላው እዚህ ከሁለት ደቂቃ ተኩል በላይ ይፈጃል። በተጨማሪም እዚያ አየሩን ዘጠኝ እጥፍ የሚጨምቀው ፒስተን እዚህ አሥራ አንድ እጥፍ ተኩል መጨመቅ ስላለበት የመጨረሻዎቹ አንድ ሁለት ባሮች ላይ መንቀራፈፉ የሚጠበቅ ነው። ካርቶኑ ላይ በደቂቃ 200 ሊትር ተብሎ የተጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ ፒስተኑ የሚጠርገው እንጂ ታንከሩ የሚቀበለው መጠን አይደለም። ሰባት ባር በደኅና ደርሶ ስምንት ለመድረስ የሚዘገይ ማሽን የተበላሸ ነው ብሎ መጣላት ተገቢ አይመስለኝም፤ ለመኪና ጎማም ሆነ ለቀለም መርጫ ከዚያ በታች ያለው ይበቃል። ሦስት ባር ላይ የቆመ ማሽን ግን በከፍታ አይመካኝም፤ ሻጩ «የአዲስ አበባ አየር ነው» ቢልዎ አይቀበሉት።

ወደ ሻጩ ሲመለሱ

ከመሄድዎ በፊት በስልክዎ ሁለት ነገር ይቅረጹ፦ ጌጁ ከዜሮ ተነስቶ እስኪቆም ድረስ ያለውን ጊዜ፣ እንዲሁም ቁልፉ ሲጠፋ ያለውን ድምፅ። «አይሠራም» ከማለት ይልቅ «ውሃ ማውጫው ዝግ ነው፣ ቀጥታ ሶኬት ላይ ነው፣ በአምስት ደቂቃ ሦስት ባር ላይ ይቆማል፣ መግቢያው ወረቀት ይገፋል» የሚል ገዢ ሌላ መልስ ያገኛል፤ ባለሙያውም ወዲያው ምላሱን ያያል። ደረሰኙንና የዋስትና ወረቀቱን ይያዙ። ታንከሩን አራግፈው፣ ዘይቱ ወደ ሲሊንደሩ እንዳይገባ ማሽኑን ሳያስተኙ በእግሮቹ አቁመው ይጫኑት።